በሶ ልላክ፣ ካርድ ልሙላ ወይስ እድሩን ልክፈል? ከአገር ውጭ ላለ ወታደር የሚሆን ድጋፍ ስትመርጡ

የአክስቴ ልጅ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት በአብዬ ግዛት ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ በነበረበት ዓመት አራት ኪሎ ጭኮ ላክንለት። አራት ኪሎ ስል ሰፈሩን ሳይሆን ክብደቱን ነው። አክስቴ ገብሱን ራሷ ቆልታ አስፈጨች፤ ቅቤውን ራሷ አነጠረች። ሁለት ፌስታል ደራርበን፣ በፕላስተር ጠቅልለን፣ ከአንድ ደርዘን ካልሲ ጋር ከፈቃድ ለሚመለስ ጓደኛው ሰጠን። ከአሥራ ምናምን ቀን በኋላ ልጁ ደወለ። "እማዬ፣ ካልሲዬ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል" አላት። መንገድ ላይ ቅቤው ቀልጦ ካልሲውን አርሶታል። እሱ እየሳቀ ነበር የሚያወራው። አክስቴ ግን ሁለት ቀን ፊቷ አልተፈታም።

ሰፈራችን በሜክሲኮና በለገሃር መሀል ነው። "ዩኤን ሄዷል" የሚባል ሰው ያለበት ቤት እዚህ ብርቅ አይደለም። ጎረቤት ቡና ላይ ሲቀመጥ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም፤ "ምን ብልክለት ይሻላል?" አንዱ በሶ ይላል፣ አንዱ ብር ይላል፣ አንዱ "ደም ስጡ" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "ዶላር እያፈሰ ምን ይቸግረዋል!" ብሎ ይስቃል። ሁሉንም በየተራ ሞክረናቸዋል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

አማራጮቹን ያየሁት በአምስት ጥያቄ ነው።

1. ይደርሳል ወይ? ጁባ ከተማ መድረስና ካምፕ መድረስ ይለያያል።
2. ማንንም አደጋ ላይ አይጥልም ወይ? እሱን፣ ጓደኞቹን፣ ዕቃ የሚያደርስለትን ሰው።
3. ካወጣችሁት ብር ስንቱ ለእሱ ይውላል? ስንቱስ ለማጓጓዣ ይሄዳል?
4. ትዘልቁበታላችሁ ወይ? አንድ ቅያሪ አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ አንዳንዴም ይራዘማል። የመጀመሪያው ወር ሞቅታ አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ አይገኝም።
5. እሱ ራሱ ጠይቋል ወይ?

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኛም ዘለልነው። ጭኮ ላክልኝ ያለን ሰው አልነበረም።

የት ነው ያለው?

ኢትዮጵያዊ ወታደር ከአገር ውጭ መሰማራቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘመተ። ከዚያ ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር እያለ ቀጠለ። የአብዬው ተልእኮ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ለዓመታት ጦሩ ከሞላ ጎደል በሙሉ የእኛ ነበር። በጥር 2006 ዓ.ም. ደግሞ ሶማሊያ ያለው ጦራችን ወደ አፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ገባ።

ይህን ያነሳሁት የስንቁ ነገር እንደ ተልእኮው ስለሚለያይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ውስጥ ራሽኑንና ውኃውን የሚያቀርበው ድርጅቱ ነው። ሶማሊያ ባለው የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮም ምግብና ነዳጅ የሚያቀርብ የተባበሩት መንግሥታት የድጋፍ ቢሮ አለ። በሁለት አገሮች ስምምነት ብቻ የተሰማራ ጦር ግን የሚኖረው በራሱ አገር ሠራዊት አቅርቦት ነው። ስለዚህ ዩኤን ያለ ልጅ ስለ ምግብ ሲያማርር ረሃብ ላይሆን ይችላል። አፉ በርበሬ ናፍቆት ይሆናል።

ስለ ዶላሩም አንድ ነገር ልበል። ዩኤን ለአንድ ወታደር በወር የሚመልሰው ሒሳብ ከ1,400 ዶላር በላይ ነው። ተቀባዩ ግን መንግሥት ነው፤ ለወታደሩ ስንት እንደሚደርስ የሚወስነውም መንግሥት ነው። ዩኤን እዚያው ተልእኮው ላይ ለወታደሩ በእጁ የሚሰጠው የቀን አበል 1.28 ዶላር ነው። አንድ ብር ከሃያ ስምንት ሳንቲም የሚለውን የድሮ ሒሳብ ይመስላል አይደል? ገና ሳይመለስ "ለሠርጌ ትንሽ ወርወር አድርግልኝ" የምትሉ ዘመዶች፣ ከሁሉ በፊት የሚደግፈው ነገር ይህን ማቆም ነው። ወጪም የለውም።

አንደኛ፦ ስንቅ መላክ

ስንቅ ማዘጋጀት ደማችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። እናት ለዘማች ልጇ ሳትቋጥር ካደረች እንቅልፍ አይወስዳትም። አታድርጉ አልልም። ግን ከአማራጮቹ ሁሉ ብዙ ገንዘብ በልቶ ጥቂት የሚደርሰው ይኼ ነው።

በፖስታ እንጀምር። ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት ሄዶ መላክ ቀላል ይመስላል። የሲቪል ፖስታ ግን ቢበዛ የሚደርሰው ከተማ ድረስ ነው፤ ካምፑ ደግሞ ከከተማው በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው ዕቃ አመላላሽ በኩል ሞክሬ ነበር። ካርቶኑ ሁለት ወር ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ተመለሰ። በርበሬው ግን ደህና ነበር፤ ቤቱን ለሳምንት አወደው።

የሚያዋጣው በሰው እጅ መላክ ነው። ከፈቃድ የሚመለስ የሥራ ባልደረባ ሲገኝ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ጠብቁ። መጀመሪያ ስንት ኪሎ እንደሚችል ጠይቁት፤ እሱም የእናቱን ቋጠሮ ይዟል። ቀጥሎ ሳታሽጉ ስጡት። ፍተሻ ላይ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ውስጡን አይቶ፣ ራሱ አሽጎ ይያዝ። ጓደኛ ነው ብላችሁ የተሰፋ ጆንያ አታስታቅፉት። ሦስተኛ፣ የላካችሁትን በዝርዝር ጽፋችሁ ለልጁ በስልክ ላኩለት። የጎደለ ቢኖር ለመካሰስ አይደለም፤ ምን እንደሚጠብቅ እንዲያውቅ ነው።

ምን ይላክ? ሙቀት የሚችል፣ የማይፈስ፣ የማይሸት። ደረቅ በሶ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ። ቅቤውን እርሱት። ቆሎ ውስጥ ለውዝ አታብዙ፤ በሙቀት ቅባቱ ቶሎ ይበላሻል። ድርቆሽ ቀላል ነው፤ ግን መንገድ ላይ ይደቅና ዱቄት ሆኖ ይደርሳል። ቋንጣና ጥሬ ቡና ድንበር ላይ ጥያቄ ያስነሳሉ፤ የሥጋ ውጤትና ያልተቆላ ፍሬ የማያስገባ ብዙ አገር አለ። ቡናው ተቆልቶ ይሂድ። መዓዛው ትንሽ ይቀንሳል፤ ከነጭራሹ ከመቅረት ይሻላል። ጫት፣ አረቄና ያለ ሐኪም ወረቀት የተገዛ መድኃኒት ደግሞ አይታሰብም። ልጁን በዲሲፕሊን ያስቀጡታል።

ከምግብ ይልቅ የሚፈለጉ ትናንሽ ዕቃዎች አሉ። የኛ ልጅ በኋላ ዝርዝር ሲልክ አንደኛ የጻፈው የጥጥ ካልሲ ነው (ቅቤ የሌለበት ሲል ጨምሯል)፤ ሁለተኛ የእግር ፈንገስ ቅባት፤ ሦስተኛ ፓወር ባንክ። ቅባቱን እሱ የጠቀሰውን ብቻ ግዙ። ፓወር ባንክ በፖስታ አትላኩ፤ የሚይዘው ሰውም ሻንጣው ውስጥ ሳይሆን በእጁ ይዞት አውሮፕላን ይግባ። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ በእጅ ይፈቀዳል። ገበያ ላይ 20,000 የሚል የተጻፈበት ወደ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ችግር የለውም። ጀርባው ላይ መጠኑ የተፋቀ ከሆነ ግን ፈታሹ ሊያስቀረው ይችላል።

ሁለተኛ፦ ድምፅ፣ ስልክና ደብዳቤ

ከሁሉ በርካሹ ይኼ ነው። በደንብ ከተሠራበት ከሁሉ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ።

ሰዓቱን አስተካክሉ። ሞቃዲሾ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። ጁባ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እናንተ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ስትደውሉ እዚያ ገና 11 ነው። የሌሊት ጥበቃ ወጥቶ ያደረ ልጅ በዚያ ሰዓት ሲቀሰቀስ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

በቪዲዮ ካልታየኝ የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ትሰማኛለህ?" ሲባባሉ ሒሳቡ ያልቃል። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ጥሪ ግን ብዙ ሜጋባይት ይበላል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ድምፅ ቅዱና ላኩ። ሲመቸው ያወርደዋል፣ ደጋግሞ ይሰማዋል።

ምን ይባላል ለሚለው፣ የኛን ልጅ ጠይቄው ነበር። "ዝም ብለህ የሰፈሩን ድምፅ ቅዳልኝ" አለኝ። ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜ ሁለት ደቂቃ ቀዳሁ። ረዳቱ "ሳር ቤት፣ ሳር ቤት! ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል። አንዲት ሴት መልስ አልተሰጠኝም ብላ ትጣላለች። ከኋላ የባቡሩ ጥሩንባ ይሰማል። ድንኳን ውስጥ አሥር ሆነው ሰሙት አሉ። መርካቶ ያደገው ልጅ "የመርካቶም ይምጣ" ብሎ ትእዛዝ ላከ። ያ ቅጂ ዋጋው ስንት ነው? የታክሲ ሒሳቤን እንኳ አልጠየቅኩም።

የቤት ችግር ሁሉ ግን በስልክ አይዘረገፍም። ደብቁት አይደለም የምለው፤ ሲያውቅ ይባስ ይናደዳል። "ጣራው ያፈሳል" ከማለት "ጣራው ያፈስ ነበር፤ ቅዳሜ ቆርቆሮ ሊቀየር ነው" ማለት ይሻላል። ከሩቅ ሆኖ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ብቻውን አታሸክሙት።

ስለ ጥንቃቄ አጥብቄ የምለው አለ። ነገ ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደቆሰለ በስልክ አትጠይቁ። የላከላችሁን ፎቶ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። እናቱ የምታየው "የኔ ጀግና" ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ግን ከጀርባ ያለውን ማማና አጥር ሊያይ ይችላል። "የልጃችሁ አዛዥ ነኝ፤ ቆስሏል፣ ለሕክምና በቴሌብር ቶሎ ላኩ" የሚል ስልክ ቢመጣ ዝጉት። ከዚያ ክፍሉን በምታውቁት መንገድ ጠይቁ። ማንም አዛዥ ከቤተሰብ የሕክምና ብር በስልክ አይሰበስብም።

ወረቀትን አትናቁ። ስልክ ይሰበራል፣ ባትሪ ያልቃል። የልጁ እጅ በእስክሪብቶ ተከቦ የተሳለበት ወረቀት ደረት ኪስ ውስጥ ዓመት ይከርማል። ከፈቃድ ለሚመለስ ሰው አንድ ፖስታ አይከብደውም።

ሦስተኛ፦ ቤቱን መደገፍ

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ የምመርጠው ይህን ነው። ወታደሩን እዚያ እንቅልፍ የሚነሳው እዚህ ያለው ነገር ነው። ይህ ድጋፍ ድንበር አያቋርጥም፣ ፍተሻ የለበትም፣ አይቀልጥም።

እድሩን ተመልከቱ። ወርሃዊ መዋጮ ሳይከፈል ሲቀር መቀጮ ይመጣል፤ ሲብስም ከመዝገብ መሰረዝ። አባወራው ውጭ ሆኖ ቤተሰቡ ላይ ሐዘን ቢመጣ ድንኳን የሚተክለው ማነው? ለአንድ ዓመት የአንድን ወታደር የእድር መዋጮ መሸፈን በሶ ከመላክ ያነሰ ወጪ ነው። ካዛንቺስና ፒያሳ ላሉትም ለነበሩትም አንድ ነገር ልጨምር። በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሰው ሰፈር ቀይሯል፤ እድሩም አብሮ ተበትኗል። ዘመድ ጎረቤቱ ባለበት ትቶት የሄደው ቤተሰብ አሁን ማንንም በማያውቅበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሆን ይችላል። የድሮ ጎረቤቶች በወር አንድ እሑድ ተሰባስባችሁ ብትሄዱ፣ ቡና ብታፈሉ፣ ያ ድጋፍ ነው። ሲሊንደር ተሸክሞ አራት ፎቅ መውጣትም ድጋፍ ነው።

ውክልናን ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከሄደ በኋላ ነው። ወታደሩ ሳይሄድ "ውልና ማስረጃ" ወስዳችሁ ለሚስቱ ወይም ለሚያምነው ሰው ውክልና እንዲሰጥ እርዱት። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው ተራ የአስተዳደር ሥራ ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ከባንክ ገንዘብ ማውጣትም በግልጽ ቢጻፍ ይሻላል፤ ባንክ ቤት "አልተጠቀሰም" ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ያለ ውክልና ከሄደ ደግሞ መንገዱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ነው። ካምፕ ውስጥ ላለ ሰው ኤምባሲ መድረስ ቀላል አይደለም። እኔ በሥራ ሰዓት ሁለት ቀን ወረፋ ይዤ ለአክስቴ ልጅ ያስጨረስኩት ይህንኑ የውክልና ጉዳይ ነው። ከላክሁለት ሁሉ የሚያነሳብኝም እሱን ነው።

ትምህርት ቤት ሌላው ነው። ነሐሴ ላይ ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር አንድ ላይ ይወርዳሉ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተባብሮ የአንድ ልጅ ደብተርና ጫማ መሸፈን ማንንም አይጎዳም። ኪራይ ቤት የሚኖሩ ከሆነ ውሉ በወረዳ መመዝገቡን አረጋግጡላቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የውሉን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። "ባሏ የለም" ብሎ በሦስተኛው ወር ዋጋ የሚጨምር አከራይ ፊት ይህን የሚያውቅ ሰው አብሯት ቢቆም ለውጥ ያመጣል።

ጥንቃቄውም እዚሁ ነው። ሚስቱን ሳትጠይቁ ለእናቱ ብር አትስጡ፤ እናቱን ሳታስታውሱ ለሚስቱ ብቻ አትስጡ። ሁለቱን ያጣላ ድጋፍ አይቻለሁ፤ ዳኝነቱ ሽማግሌ ድረስ ሄደ። "ምን ላድርግ?" ከማለት "ቅዳሜ ጥቁር አንበሳ ቀጠሮ ካላት እኔ ልውሰዳት" ማለት ይቀላል። ምን ላድርግ የተባለ ሰው ሁሉ "ኧረ ምንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" ነው የሚለው። የወታደር ሚስት ናትና መጀመሪያ እሷ ትወስን፤ እናንተ የችግረኛ ዝርዝር አታድርጓት።

አራተኛ፦ በተቋም በኩል መስጠት

የምታውቁት ወታደር ከሌለ፣ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ በጋራ መስጠት ከፈለገ ይህ አለ። ሥራው አጭር ነው። ለሠራዊቱ ወይም ለቤተሰቦቻቸው ተብሎ በይፋ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ አስገቡ፤ ደረሰኝ ያዙ። በር ላይ መዝገብ ይዞ ለመጣ ሰው በጥሬው አትስጡ። ገንዘቡ ውጭ ላለው ለይቶ ይድረስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ይህን አምናችሁ ስጡ። ቡድን ለማነሳሳት ቀን ከፈለጋችሁ ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ነው። ግንቦት 21 ደግሞ የዓለም የሰላም አስከባሪዎች ቀን ነው።

አምስተኛ፦ ደም መለገስ

እውነቱን እንነጋገር። እዚህ የሰጣችሁት ደም ሶማሊያ አይሄድም። ቀይ የደም ሴል ቢበዛ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ፕሌትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፤ "ለወታደር ብቻ" ተብሎም አይለይም። ግን ከባድ ጉዳት የደረሰበት ወታደር አገር ቤት ተመልሶ ሲታከም ደም ያስፈልገዋል። ያ ደም ቀድሞ መኖር አለበት። ዕድሜያችሁ ከ18 እስከ 65፣ ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆናችሁ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ብር የሌለው ተማሪ ሊያደርገው የሚችል ነው። በልታችሁ ሂዱ፤ ጾም ላይ ሆናችሁ ጠዋት ሄዳችሁ ራሳችሁን ስታችሁ አትውደቁ።

ስድስተኛ፦ የቆሰሉትና የቀድሞ ዘማቾች

"የማውቀው ወታደር የለም፣ ግን ፊት ለፊት የሆነ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ" ለሚል ሰው የምመክረው ይህን ነው። የቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ ጦር ኃይሎች ነው፤ ሆስፒታሉም እዚያው አካባቢ ነው። የምታውቁት ሰው ተኝቶ ከሆነ በጠያቂ ሰዓት ሂዱ። ማንንም ሳታውቁ ግን ዘው ብላችሁ አልጋ ለአልጋ አትዙሩ፤ መጀመሪያ ከሆስፒታሉ ጋር ተነጋገሩ። ብርቱካን ከመደርደር በፊት የሚያስፈልገውን ጠይቁ። አንዳንዱ የሚፈልገው የስልክ ቻርጀር ነው። ሌላው ደግሞ ከክፍለ አገር የመጣች እህቱ የምታድርበት ቤት።

አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ኮሪያ ላይ 122 ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። ዘማቾቹ እዚያ ሳሉ ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ሰብስበው ያሳድጉ እንደነበርም ይነገርላቸዋል። ዛሬ በሕይወት ያሉት በጣም አርጅተዋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አባት ዘማች ካገኛችሁ ተቀምጣችሁ ስሙ፤ ቶሎ አትነሱ።

ባጭሩ ሲነጻጸር

| አማራጭ | ይደርሳል? | የሚያሰጋው | ብሩ የት ይሄዳል? | ዓመት ይዘልቃል? |
|---|---|---|---|---|
| ስንቅ በፖስታ | አጠራጣሪ | መጥፋት፣ መበላሸት | በብዛት ለማጓጓዣ | አይዘልቅም |
| ስንቅ በሰው እጅ | ሰው ከተገኘ | የተሸካሚው ኃላፊነት | ለዕቃው | በዓመት አንዴ ሁለቴ |
| ድምፅና ስልክ | ኔትወርክ ካለ | ምስጢር ማውጣት | ለጥቅል ጥቂት | በደንብ ይዘልቃል |
| ደብዳቤ በሰው እጅ | ይደርሳል | እምብዛም የለም | ወጪ የለውም ማለት ይቻላል | ይዘልቃል |
| ቤቱን መደገፍ | በእርግጠኝነት | ቤተሰብ ማቃቃር | ሙሉ ለሙሉ ለቤቱ | ከተባበሩ ይዘልቃል |
| በተቋም መስጠት | ለሠራዊቱ በጠቅላላ | አጭበርባሪ ሰብሳቢ | እንደ አሠራሩ | እንደ አቅም |
| ደም | ለታካሚ ሁሉ | የለም፣ ጤነኛ ከሆናችሁ | ወጪ የለውም | በየሦስት ወሩ |
| የቆሰሉና የቀድሞ ዘማቾች | ፊት ለፊት | ሰው ማድከም | ለጥየቃው | እንደ ጊዜያችሁ |

ለማን የቱ?

ብር የለኝም ለምትሉ፦ በሳምንት አንድ የድምፅ መልእክት፣ በየሦስት ወሩ ደም። ሁለት ሰዓት ነፃ ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ለቤተሰቡ ወረፋ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ወረፋ መያዝ ራሱ ስጦታ ነው።

በወር እስከ 500 ብር ማውጣት ለምትችሉ፦ እድሩን ክፈሉ። ከተረፈ የቤቱን የሞባይል ጥቅል ግዙ፤ ልጁ ሲደውል ቤት ያለው ስልክ ዳታ አልቆበት እንዳያገኘው።

ከዚያ በላይ ለምትችሉ ወይም ለአራት ለአምስት ለተሰባሰባችሁ፦ በእቁብ መልክ ያዙት። ነሐሴ ላይ ለትምህርት፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ወይም ለዒድ ለበዓል መዋያ። በዓል ለወታደር ሚስት ከባዱ ቀን ነው። ዶሮው ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚያርደው ሰው ያስፈልጋል። እኛ ግቢ አንድ ዓመት ለአምስት ቤት አንድ ጎልማሳ ሲዞር ውሎ ማታ እጁን ማንሳት አቅቶት ነበር።

ገና ሊሄድ ለሚዘጋጅ ወታደር፦ ከስንቁ በፊት ውክልናው። ቀጥሎ የቤቱን፣ የእድሩን፣ የትምህርት ቤቱንና የባንኩን ወረቀት አንድ ፋይል ውስጥ አድርጋችሁ ለሚወክለው ሰው አስረክቡ።

እናት ሆና "የግድ የሆነ ነገር በእጄ አዘጋጅቼ ልላክ" ለምትል፦ ይላኩ፣ እማማ። አንድ ኪሎ ደረቅ በሶ፣ አንድ ኪሎ ቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ደብዳቤ። ቅቤ የለም።

የአክስቴ ልጅ ሲመለስ ግቢው ሙሉ ወጥቶ ጠበቀው። አክስቴ ከሌሊት ጀምራ ዶሮ ስትሠራ ነበር። እሱ ሁለት ጉርሻ ጎረሰና "ሽሮ የለም?" አለ። ከዚያ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኛ። ሊጠይቁት የመጡ ሰዎች ከበር ላይ እየተመለሱ ሄዱ፤ አክስቴ በርጩማ ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ "ነገ፣ ነገ" ስትል ዋለች።